ለሥራ የመጣች ባርኔጣ

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ስብሰባ መሐል መጸዳጃ ቤት መሄድ እንደማይገባ ዛሬ ተማርኩ። ደርሼ ስመለስ የኤግዚቢሽን ኃላፊ አድርገውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት በየወሩ ለአንድ አገር ሰዎች አዳራሽ ይለቅና አገራቸውን ራሳቸው ላይ በሚያደርጉት ነገር እንዲያስተዋውቁ ይጋብዛል። ቬትናሞቹ በሾጣጣዋ ባርኔጣቸው አሳምረው ጨርሰዋል። አንድ አገር፣ አንድ ባርኔጣ፤ ምን ችግር አለው። የማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ጥሩነህ "የእኛስ?" ብለው ሲጠይቁ አንዱ ጥምጥም አለ፣ አንዱ ቆብ፣ አንዷ ሻሽ፣ አንዱ ጎፈር። ከጥግ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቁንጮ አለ። ቁንጮ ፀጉር ነው እንጂ ልብስ አይደለም ብዬ ልከራከር ስል ነው ወጣ ማለት ያስፈለገኝ።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ የነዳችው መሠረት ናት። መሠረት ጎረቤቴም ጓደኛዬም ናት፤ ነርስ ስለሆነች ሰውን ሁሉ እንደ በሽተኛ ነው የምታየው።

"ዕፀገነት፣ በዚህ ነገር ስትሬስ እንዳታደርጊ። ኮፍያ ነው።"

"አላደርግም" አልኳት። ያን ጊዜ የመግለጫ ጽሑፎቹን በልቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

የአባባ ባርኔጣ ትዝ ብሎኛል። ከዚያ የተሻለ ዕቃ ማንም አያመጣም።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ሥራ ከመግባቴ በፊት አዲስ አበባ ደወልኩ። አባቴ አቶ ንጋቱ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከታናሽ እህቴ ከዘነቡ ጋር ይኖራሉ። ጡረታ የወጡት ከፖስታ ቤት ነው። ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ አላቸው። ባርኔጣው ከራሳቸው የሚወርደው ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ ሲተኙና ለቅሶ ሲደርሱ ብቻ ነው። ምሳ ሲበሉ እንኳ አያወልቁትም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ባዶ ራሳቸውን የተነሱትን የመታወቂያ ፎቶ ስታይ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" ትል ነበር።

"አባባ፣ ባርኔጣዎን ይላኩልኝ።"

"ለማን?"

"ለእኔ። እዚህ ኤግዚቢሽን አለን። መስታወት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰው እየመጣ ያየዋል።"

"እኔስ?"

"እርስዎ ምን?"

"እኔ ምን ውስጥ ልቀመጥ?"

ሌላ ይገዛልዎታል አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ስሚ ልጄ፣ እስትንፋሴ እያለች ይቺ ባርኔጣ ለሰው አትሰጥም። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ዶሮ አሳቅፊባት" አሉኝ።

ይለመናሉ። አባቴን አውቃቸዋለሁ።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ። መስቀል

ጥምጥም ፍለጋ ቤተ ክርስቲያን። ቀሲስ ፍሬምናጦስ የራሳቸውን ጥምጥም አላውስም አሉ። ነገር ግን ጨርቁን ካመጣሽ ራስ ላይ እጠመጥምልሻለሁ አሉ። ራስ ደግሞ አለኝ። የምሠራው ፍሩትቬል ሰፈር አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ነው፤ ከጎናችን ያለው የውበት ዕቃ መሸጫ ዊግ የሚደፋባቸውን የፎም ራሶች ሸጦልኛል። ችግሩ ሁሉም ሊፕስቲክና የዓይን ሽፋሽፍት አላቸው።

ቀሲስ አይተው ደነገጡ።

"ይህች ደግሞ ማን ናት?"

"ማንም አይደለችም አባ። ፎም ናት።"

"ከንፈሯን አጥፊላት። በዚህ ላይ ጥምጥም አላስርም።"

ከመሠረት ቦርሳ ውስጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተገኘ። ስጠርገው ከንፈሩ ለቀቀ። አገጩም አብሮ ቀለጠ። ቀሲስ አዩት፤ ከዚያ ነጩን ጨርቅ ዙሪያውን እያጠበቁ ጠመጠሙበት፣ እጃቸው እንዴት እንደሚያምር። አሁን አገጭ የሌለው ካህን ሳሎኔ ውስጥ ቆሟል። ከሩቅ ግርማ አለው።

አባባ ዛሬም እንቢ።

መስከረም 21፣ ረቡዕ

ሲና ከሳኒቬል እኔ ክሊኒክ ድረስ መጣች። ኢንጂነር ናት፣ የሐረር ልጅ። የአያቷን ጉፍታ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ የሐረሪ ሴቶች ፀጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ ጠቅልለው የሚሸፍኑበት ስስ መረብ ነው። ያገባች ሴት ናት የምታደርገው። የጥርስ ታካሚዎቹ ፊት የአንዷን ፎም ራስ ፀጉር በክር ሠርተን አለበስናት።

"እናቴን ልሞክረው ስላት 'መጀመሪያ ባል አምጪ' ነው ያለችኝ" አለች ሲና ወደ ኋላ ሸሸት ብላ እያየች። "ይቺማ ቀደመችኝ፣ ሲሪየስሊ።"

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ኮሚቴ፣ ሳን ሆዜ። ገዛኸኝ ተቃወመ። ገዛኸኝ አካውንታንት ነው፤ ንግግሩን ሁሉ "ለሪከርድ ያህል" ብሎ ነው የሚጀምረው። ቤዝቦል ኮፍያውን ሳያወልቅ ባርኔጣ የፈረንጅ ነው፣ ባህላዊ አይደለም አለ። እሱ በምትኩ የአንበሳ ጎፈር አመጣለሁ ብሎ ይዞ የመጣው ከሃሎዊን ሱቅ ነው። ዚፕ አለው።

ተናደድኩ። ተናድጄ የአባባን ባርኔጣ ታሪክ ነገርኳቸው።

አባባ ባርኔጣውን የገዙት በንጉሡ ጊዜ፣ ሥራ ሲይዙ፣ በመጀመሪያ ደመወዛቸው ነው። ያኔ ባዶ ራሱን ቢሮ የሚገባ ተላላኪ ብቻ ነበር ይላሉ። አብዮቱ መጣ። አንድ የቀበሌ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ "ጓድ፣ ይህ የፊውዳል ክዳን ነው" አላቸው። ባርኔጣው ቁም ሳጥን ገባ፤ እኔ ያደግሁት የጨርቅ ኮፍያ የሚያደርግ አባት ይዤ ነው። መንግሥት የተለወጠ ዕለት አባባ ሬዲዮውን አዳመጡ፣ ተነሱ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፣ ባርኔጣውን ቦርሸው ደፉና ዳቦ ሊገዙ ወጡ። ዳቦ አልነበረም። ቢሆንም ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

"እና የአገር ታሪክ አይደለም?" አልኩ። "አንድ ራስ፣ ሦስት መንግሥት።"

"ለሪከርድ ያህል፣ ዕቃው የታለ?" አለ ገዛኸኝ።

አቶ ጥሩነህ ዕቃው እንዲመጣ ወሰኑ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ተያዘ። አባባ ግን ቃለ ጉባኤ አያነቡም።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ክሊኒክ በምሳ ሰዓት። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ደወልኩ። ለመንኳቸው። ማኅበሩ ወስኗል አልኳቸው። "እኔ የማኅበሩ አባል አይደለሁም" አሉ። ያስላሉ ደግሞ። ትዕግሥቴ አለቀ።

"አባባ፣ ምን ነካዎት፣ ጨርቅ ነው እኮ!"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ።

"ጨርቅ ነው አልሽ?"

"ማለቴ…"

"ጨርቅ ከሆነ እዚያም ሱቅ ሞልቷል" ብለው ስልኩን ለዘነቡ ሰጧት።

ጨርቅ እንኳ አይደለም፣ ሱፍ ነው። ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ። ግን እሳቸውም አበዙት። ጥቂት ቀን ዝም ብላቸው ይለሰልሳሉ።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

አልደወልኩም። እሑድ ልደውል ብዬ እዚያ መሽቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ታካሚ በዛ። ውሸት ነው፤ እሳቸው እስኪደውሉ እየጠበቅሁ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሴት፣ አባቴን አኩርፌ ተቀምጫለሁ።

የባርኔጣውን ቦታ ባዶ ትቼ ሌላውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ጎፈሩን ዚፑን ወደ ኋላ አዙሬዋለሁ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ኩርፊያው ይብቃ ብዬ ደወልኩ። ዘነቡ አነሳች።

"አባባን ስጪኝ።"

"ተኝተዋል።"

"በዚህ ሰዓት?"

"ድክም ብሏቸው ነው እቴ።"

ድምፅዋ ዝግት ብሏል። ጉንፋን ነው አለች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ቴሌቪዥን ነው አለች። የእኛ ቤት ቴሌቪዥን እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ደወልኩ። ጠበል ሄደዋል።

"የት ጠበል?"

"ራቅ ያለ ነው። ኔትወርክ የለውም።"

ትናንት ድክም ብሏቸው የተኙ ሰው ዛሬ ኔትወርክ የሌለበት ጠበል ሄደዋል። እሺ። ጥሩ ነው፣ ለሳላቸውም ይበጃል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ሰዉን ምን እንደነካው እንጃ። መሠረት በድስት ምስር ይዛ መጣችና ሳልጠይቃት ደም ግፊቴን ለካች። ቀልድ ብነግራት አልሳቀችም፤ ሌላ ጊዜ ለዚያች ቀልድ እያለቀሰች ነው የምትስቀው። አቶ ጥሩነህ፣ ስለ መግለጫ ጽሑፎቹ በየቀኑ ሲነዘንዙኝ የነበሩት ሰውዬ፣ ደውለው "አትቸኩዪ ልጄ፣ ሲደርስ ይደርሳል፣ ምግብ ብዪ" አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ሁልጊዜ "ወይዘሮ ሰብሳቢ" ነበር የሚሉኝ፣ ለማሾፍ።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ደግሞ ከዛፉ ኋላ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንዷ "ከኤግዚቢሽኑ በፊትማ አይሆንም፣ ስንት የለፋችበት ነው" ትላለች። ሌላዋ "ኃጢአት ነው፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር" ትላለች። ብቅ ስል ስለ ስምንት መቶ ሰማንያ አውራ ጎዳና መጨናነቅ ማውራት ጀመሩ። እሑድ ቀን መንገዱ አይጨናነቅም።

ልደቴን በድብቅ ሊያከብሩልኝ ይሆናል። ልደቴ ታኅሣሥ ነው። ቀደም ብለው ጀምረውት ነው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ባርኔጣው ደረሰ።

ትናንት ዘነቡ የጽሑፍ መልእክት ላከችልኝ፤ አባባ የላኩልሽ ዕቃ አለ፣ ህዝቅያስ የሚባል ልጅ ይዞልሽ መጥቷል፣ ዩኒየን ሲቲ ነው የሚያርፈው። ከሥራ ወጥቼ በባርት ባቡር ሄድኩ። ልጁ ዲቪ ደርሶት ገና መምጣቱ ነው። ጣቢያው በር ላይ አዲስ ኮፍያ አድርጎ ቆሟል፤ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት ሳይነሳ።

"እትዬ ዕፀገነት?" አለኝ።

"ነኝ።"

ኮፍያውን አወለቀ። ደረቱ ላይ አስጠግቶ በብብቱ ሸጎጠው። ከዚያ የካርቶን ሳጥኑን በሁለት እጁ ሰጠኝ፣ ጎንበስ ብሎ።

"ሻንጣ ውስጥ አልከተትኩትም። አውሮፕላን ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት።"

አባባ እንዴት ናቸው ልለው ነበር። በረራው እንዴት ነበር አልኩት። ጥሩ ነበር አለ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ባቡሬ እስኪመጣ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ነፋስ አለ፣ ፀጉሩን በጣም አሳጥሮ ተቆርጧል፣ ኮፍያውን ግን መልሶ አላደረገም። ዘንድሮ የሚመጡት ልጆች ጨዋዎች ናቸው።

አባባ ሐሳባቸውን ለውጠው ነው። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

አዲስ አበባ አልደወልኩም። ሥራ በዝቶ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ የመግለጫ ጽሑፍ። እንግሊዝኛውን ልጄ ሐሴት በስልክ ታስተካክልልኛለች፤ ኮሌጅ ናት፣ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሱን ግን ከእንግሊዝኛ ጋር ቀላቅላ ነው የምትሰጠኝ።

ለጥምጥሙ፣ ካህኑ የተማረውን ትምህርት የተሸከመበት ነው ብዬ ጻፍኩ። ለቆቡ፣ ቆብ ጫነ ሲባል መነኮሰ ማለት እንደሆነ፣ ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ለዓለም እንደሞተ እንደሚቆጠር። ይህንን ሐሴት "ዳርክ ነው" አለችና ተወችው። ለጎፈሩ፣ አንበሳ የገደለ ጀግና ያደርገው ነበር። ይህኛውን አንበሳ ማን እንደገደለው አልጻፍኩም።

ነጠላው ቀረኝ። የእኛ ሴቶች ነጠላን ራሳቸው ላይ እንደየነገሩ ነው የሚያደርጉት፤ ለቤተ ክርስቲያን እንዲህ፣ ለሠርግ እንዲያ፣ ጥለቱ የት እንደዋለ አይቶ አገሬው ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቃል። ለሠርጉና ለቤተ ክርስቲያኑ ጽፌያለሁ። ለሦስተኛው ነገ እጽፋለሁ።

ባርኔጣውን ከሳጥኑ አወጣሁት። ውስጡ፣ በላብ ማቆሚያው ዙሪያ፣ አባባ ጋዜጣ አጣጥፈው ወሽቀውበታል። ሰው ሲያረጅ ራሱ ይቀንሳል መሰል፣ ሰፍቷቸው ነው። ጋዜጣው ተጣጥፎ የነበረበትን መልክ አልነካሁትም። የራሳቸው ሽታ አለው፣ የሳሙናና የባሕር ዛፍ። ሳጥኑን ዘጋሁት።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሐሴት ደወለች።

"ማም፣ ፍራይደይ እመጣለሁ። ሰንደይም አለሁ።"

"የሚታጠብ ልብስ በዛብሽ?"

"ኖ፣ ሎንድሪ የለኝም። ጀስት እዚያ መሆን ነው የምፈልገው።"

ልብስ ማሳጠብ ሳያስፈልጋት ሁለት ሌሊት መጥታ አታውቅም። "እሑድ ምን አለ?" አልኳት። "ነቲንግ" አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። ክፍል ሊጀምርብኝ ነው ብላ ዘጋች።

መሠረት ደግሞ ስንት ወንበር አለሽ አለችኝ። ስድስት አልኳት። "ይበቃል?" አለችና ወዲያው "ኖ ኖ፣ እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ" አለች።

ከሥራ ስመለስ የሚታጠፉ ወንበሮች ገዛሁ። ለኤግዚቢሽኑ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የራሱ ወንበሮች አሉት። ቢሆንም።

የነጠላው ጽሑፍ ነገ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ዕቃ ስንደረድር ዋልን። ሲና የጉፍታዋን ራስ ራሷ አቀፈች፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም ብላ። አቶ ጥሩነህ ወንበር ላይ ቆመው መብራት አስተካከሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ባርኔጣውን መሐል መስታወቱ ውስጥ አስቀመጥኩት። ራስ ላይ አልደፋሁትም። ሊፕስቲክ ባለው ራስ ላይ አባባ እሺ አይሉኝም።

ገዛኸኝ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ባርኔጣውን ረጅም ጊዜ አየው።

"ለሪከርድ ያህል" አለ፣ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

ከገዛኸኝ ጋር ስንት ዓመት ተከራክረናል፣ ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም። ከሰማሁት ነገር ሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው። መስታወቱን ጠረግሁት፣ ጣት ነክቶት ነበር።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሰው ጢም አለ። አገጭ የሌለውን ካህን ያላመሰገነ የለም። የጎፈሩ ዚፕ አልታየም። የሦስተኛዋ ነጠላ ራስ ግን ያለ ጽሑፍ ነው የቆመችው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ "ወረቀቷ ወደቀ?" አለችኝ። ነገ አልኳት።

ስለ አባባ ባርኔጣ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ንጉሡ፣ ቀበሌው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ዳቦው። ፈረንጆቹ ዳቦው ላይ ሳቁ። የእኛ ሰዎች አልሳቁም፣ ሁሉም ወደ ጫማቸው ያያሉ። ስጨርስ ባለፈው ወር ኤግዚቢሽን ካሳዩት ቬትናሞች አንዱ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸውን አወጡ።

"ባርኔጣቸው እዚህ ከሆነ፣ አባትሽ አሁን ምን ያደርጋሉ?"

መሠረት ወደ እኔ ስትራመድ አየኋት። ሐሴት አፏን በእጇ ይዛለች።

"አሁን ባዶ ራሳቸውን ናቸው" አልኩ።

ሽማግሌው አዩኝ፣ ገባቸው፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ከኋላ ገዛኸኝ ቤዝቦል ኮፍያውን አወለቀ። መላጣ መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ስለ ጉፍታው ቀጠልኩ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

የእሑዱን ዛሬ ነው የምጽፈው።

ጎሕ ሳይቀድ ተነሳሁ። የተጣጠፉትን ወንበሮች ዘርግቼ ሳሎኑን ዙሪያውን ደረደርኩ። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ ፊቴ አድርጌ ተከናነብኩ። ሐሴት ከመኝታ ቤት ወጥታ አየችኝና መሬት ላይ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ጠበቅን።

መኪኖቹ መጡ። ከበር ውጭ ማን እንደሚያንኳኳ ሲከራከሩ ይሰማል። "እርስዎ ይቅደሙ።" "ኧረ ቀሲስ ይሻላሉ።" እንዳይቸገሩ ብዬ ከፈትኩላቸው።

አቶ ጥሩነህ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ያጠኑት ንግግር ነበራቸው፣ "እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ሆኖ" ብለው ጀመሩ። ከዚያ ነጠላዬን አዩ። ቀሪውን ረሱት።

"ማን ነገረሽ?" አለች መሠረት።

"ባርኔጣው።"

ከዚያ ጮህኩ። እንደዚያ የምጮህ አይመስለኝም ነበር። ከታች ያለው ጎረቤቴ ወጥቶ ፖሊስ ልጥራ ወይ ሲል ገዛኸኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ባህላችንን አስረዳው፣ ለሪከርድ ያህል።

አባባ ያረፉት ጥቅምት አምስት ነው። ዘነቡ ብቻዬን በሥራ ላይ እንዳልሰማው ብላ ለአቶ ጥሩነህ ነገረቻቸው፤ እነሱ ደግሞ የለፋሁበት እንዳይበላሽ ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ይሁን አሉ። ማንንም አልተቀየምኩም። እኔም ለራሴ አልነገርኩም።

ከሰዓት በኋላ ዘነቡን ደወልኩላት። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ውስጤ ሲበላኝ የቆየውን ነገርኳት።

"ዘነብዬ፣ ባርኔጣውን ምነው ላክሽብኝ? እንደወጡ እንደገቡበት አብሯቸው በተቀበረ። እኔ በሰው ልቅሶ ላይ ጨርቅ ለቃሚ ሆንኩ።"

"እኔ መቼ ላክሁት?" አለች። "እሳቸው ናቸው የላኩልሽ።"

"እንዴት አድርገው?"

"በተጣላችሁ ማግስት፣ ጠዋት፣ ቦረሹት። ጋዜጣውን አዲስ አድርገው አጠፉ። 'ወደ እሷ የሚሄድ ሰው ፈልጊ' አሉኝ። ልንገራት ብላቸው 'አትንገሪያት፣ ሳጥኑን ስትከፍት ትደንግጥ' አሉ። የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ሳጥን ውስጥ ቆየ እንጂ አላደረጉትም። ባዶ ራሳቸውን ነው የወጡ የገቡት። ሰፈርተኛው ሁሉ 'አቶ ንጋቱ፣ ባርኔጣዎስ?' ሲላቸው 'አሜሪካ ልትሄድ ነው፣ ለሥራ' ይላሉ። እንዲጠይቋቸው ብለው በማይገዙበት ሱቅ በር ሁሉ ያልፉ ነበር እኮ።"

እስትንፋሳቸው እያለች ነው ያወለቋት።

"ብርድ መታቸው ይሆን?" አልኳት በመጨረሻ።

"ሐኪሙ ልባቸው ነው ያለው እቴ። ራሳቸው ምንም አልሆነም።"

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሰው እየተመናመነ ነው። ወንበሮቹ በቅተዋል። ቀሲስ ፍሬምናጦስ ትናንት መጥተው የፎሙ ካህን እንዴት ነው አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አልኩ።

የሦስተኛዋን ነጠላ ጽሑፍ ጨረስኩ፤ መሠረት ነገ ሳን ሆዜ ወስዳ ትለጥፍልኛለች። እንዲህ ይላል። "ጥለቱ ወደ ፊት ሲመጣ ሴትዮዋ ሐዘን ላይ ናት። ምን ሆንሽ ብላችሁ አትጠይቋት። አጠገቧ ተቀመጡ።" ሐሴት እንግሊዝኛውን ምንም አላስተካከለችም።

የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ኢሜይል ጻፈችልኝ። ነገሩን ሰምታለች፣ አዝናለች፣ የአባቴን ባርኔጣ ቤቴ ማድረግ ከፈለግሁ ዛሬውኑ ከመስታወቱ አውጥታ ራሷ ታመጣልኛለች።

አመሰገንኳት። ወሩ እስኪያልቅ እዚያው ትቆይ፣ ሥራ ላይ ናት አልኳት።